የሰንበት መፈክር

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እማዬ ደህና ናት። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም ስትል ከርማ አሁን ለድመቷ ለቃለች። ጓሮ የተከልካት ሮማን አፍርታለች፤ ከወፎቹ የተረፈውን እኛም እንቀምሳለን።

የሆቴሉ ሠራተኞች ማኅበር እንደገና አድማ መትቷል። እኔም አንተ በሠራህበት ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነኝና ሰልፉ ላይ ነኝ። ሐበሻው ሁሉ ከከተማው ዳር ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ሲገባ አንተ መሃል ከተማ ዳውንታውን የቀረኸው፣ በሰንበት መኪና ሳትነካ ወደ ምኩራብህም ወደ ሰልፍህም በእግርህ ለመድረስ ነበር። ቅዳሜ ሸክም ስለማትይዝ ባዶ እጅህን ትሰለፍ ነበር፤ የሥራ ባልደረባህ ጋሽ ሳም ከጎንህ ሁለት መፈክር ይይዙ ነበር፣ አንዱን የራሳቸውን፣ አንዱን ያንተን። ወላጆቻቸው ከናዚ ካምፕ የተረፉ አይሁድ፣ እሳቸው ጸሎት የማያውቁ የድሮ ኮሚኒስት። አምላክ የለም እያሉ ሰንበትህን ያስከብሩልህ ነበር።

አዲስ አበባ ተማሪ ሳለህ ግራ ዘመም ጓዶችህ ቤተ እስራኤልነትህን ተወው፣ ጭቁንነትህ ይበቃሃል ይሉህ እንደነበር እየሳቅህ ነግረኸኛል። እግዚአብሔር የለም ብለው የቆረጡት ሰዎች ቡዳ መኖሩን ግን አልተጠራጠሩም፤ አብረውህ ሲበሉ ምግባቸውን ከዓይንህ ይሸፍኑ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉህ፣ ዛፍ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፣ መሬት ላይ ለመሄድ ግን ሁለቱም ያስፈልጉኛል አልካቸው። ጋሽ ሳምም አባታቸው ከካምፕ ወጥተው ፖላንድ ሲመለሱ፣ ኮሚኒስት ጓዶቻቸው፣ የሞቱብህን ዘመዶች የፋሺዝም ሰለባ በላቸው እንጂ አይሁድ አትበላቸው እንዳሏቸው ያወሩልህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ማሪሶል የሆቴሉን ባለቤት ሥላ ሰልፉ ላይ መጣች። አፍንጫው መንጠቆ፣ ደረቱ ላይ የዳዊት ኮከብ፣ ብብቱ ውስጥ የብር ከረጢት። ሰውዬው አይሁድ እንኳ አይደለም፤ ቢሆንም ኖሮ ነውሩ ያው ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። በጣም ከፋኝ፣ ማኅበሩን ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ያ የሁለት እግር ነገርህ ነው የያዘኝ።

ማሪሶልን ለብቻዋ ወስጄ አይሁድ መሆኔን ነገርኳት፤ ጥቁር አይሁድ አለ እንዴ አለችኝ። እንዲህ ያለ ሥዕል የጋሽ ሳም አያቶች ወደ ካምፕ ከመነዳታቸው በፊት በየግድግዳው ይለጠፍ እንደነበር ነገርኳት። ቀልድ አታውቂም ብላ ተቆጣች። ቆይታ ግን ጋሽ ሳም ዘንድ ሄዳ ብዙ ተቀመጠች፤ ስትመለስ ሥዕሉን በገዛ እጇ ቀደደችው።

ቅዳሜ እንዳንተ ባዶ እጄን ከቤት ወጣሁ። የጋሽ ሳም ጉልበት ደክሟል፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰለፉት፤ ስለዚህ መፈክሬን የሚይዝልኝ ሰው አልጠበቅሁም። ማሪሶል ሁለት መፈክር ይዛ መጥታ ከጎኔ ገባች። ጋሽ ሳም ከወንበራቸው ሆነው ያዩን ነበር። ደስ አለኝ፣ አባዬ፤ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እግሬ እስከሄደ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶ እጄ አስብሃለሁ።

ልጅህ ራሔል