ለደረቴ የላክሃቸው ሽማግሌዎች

ሰበታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለዘርሁን፣ ጁባ

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ነው? ጀኔሬተሮቹስ፣ ያ የወገብህ ነገርስ? «እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ግን ውሸት ሆነብኝ። ደህና አይደለሁም፣ ተቆጥቻለሁ። ናፍቆቱም አለ፤ ቁጣው ስለቀደመው ተራውን ይጠብቅ።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንዳትል። ስለ ልጃችን ስለ ያኔት ትምህርት ሳወራህ ድምፅህ ከጓዳ የምታናግረኝ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ስናወራም እንደዚያው። «ጡቴ» ያልኩ እንደሆነ ግን ኔትወርኩ ጥፍት ይላል። አንዲት ቃል ለይቶ የሚጠፋ ኔትወርክ የት አገር ታይቷል? ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ ወረቀት አይቋረጥም። ባልደረባህ ኢብሮ ዕረፍቱን ጨርሶ ነገ ወደዚያ ይመለሳል፣ በእጁ ይሰጥሃል።

እሑድ ዕለት ምን እንዳደረግከኝ ታውቃለህ? የጾሙ ቅበላ ነበር። ወጡ ሊወርድ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆሙ። አጎትህ ጋሽ ወንዳፍራሽ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣውን ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል። ጋሽ ሐሰን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ባጫ ደግሞ በዚያ አልታጠፍ ባለ ጉልበታቸው ከፉሪ ድረስ። «ዘርሁን ምን ሆነ?» አልኩ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው፣ እንድታውቀው።

«ኧረ እሱ ደህና ነው፤ ለሽምግልና ነው የመጣነው» አሉ አጎትህ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ወጉን ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ሦስት አዛውንት ሳሎኔ መሀል እንደ ችካል ተተከሉ። «ምኑን ነው እሺ የምለው?» ብል «አንቺ ብቻ እሺ በይ፣ የሽማግሌ ፊት አይመለስም» ይሉኛል። የኦቦ ባጫ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ደግሞ የልብስ ሰፊ ነገር፣ ሳልለካ አልቆርጥም አልኩና «ዘርሁን ምን ብሎ ነው የላካችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ለካ አልነገርካቸውም! «ባለቤቴን አንድ ነገር ለምኛት እምቢ አለችኝ፣ እባካችሁ አስታርቁኝ» ነው ያልካቸው፣ በቃ። ጋሽ ሐሰን የተፍኪውን ቦታ አልሸጥም ያልኩ መስሏቸው ነበር። አጎትህ ደግሞ አኩርፌ መኝታ የለየሁ መስሏቸዋል። አንተ ጁባ፣ እኔ ሰበታ፤ ከዚህ ወዲያ መኝታ እንዴት ይለያል?

አንተ ለመናገር ያፈርክበትን እኔ ተናገርኩት። «ዘርሁን የሚለኝ፣ በካንሰር በተቆረጠው ጡትሽ ቦታ ሰው ሠራሽ ጡት በኦፕራሲዮን አስገቢ ነው። ያውም የገና በዓል ሳይደርስ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ እሺታዬን ሳይጠብቁ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ሐሰን «አስተግፊሩላህ» ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡና፣ ዓይናቸው እዚያው ቀርቶ፣ «ይሄ ቆርቆሮ ያፈሳል እንዴ?» አሉ። ያኔት ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰውነቴን እድር ድረስ አወጣህብኝ፣ ዘርሁን። ደረቴ የመሬት ድንበር ነው እንዴ ሽማግሌ የሚቆምበት?

ነገሩ ከየት እንደተነሳ አውቃለሁ። እኅትህ ትጊ ናት። ጥቅምት ላይ ከቡራዩ መጥታ «ወንድሜ አደራ ብሎኛል፣ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ» አለችና እየጎተተች አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት፣ ሐኪም ይሁን ሻጭ ዛሬም አላውቅም፣ ሲሊኮኖቹን በትሪ ደርድሮ አቀረበልኝ። ነካ ስታደርጋቸው ይርገበገባሉ። «መጠን ምረጪ እናቴ፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግልሻል» አለኝ። «እኔ እኮ ጨረር ታክሜያለሁ» ስለው «ኖ ፕሮብሌም» አለ። የታከምሽበትን ወረቀት አሳዪኝ አላለም። ደረትሽን ልየው እንኳ አላለም። እኔ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ ጨርቁ ሲታጠብ ይሰበሰብ እንደሆነ ውሃ ነክሬ አይቼ ነው የምቆርጠው። ይሄ የሰው ቆዳ ሊቆርጥ ተነስቶ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም! ትጊ «ዋው፣ እንዴት ያምራል» እያለች በስልኳ ትቀርጻለች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እሷ «እምቢ አለች» ብላ ደወለችልህ፣ አንተም ሽማግሌ ሰበሰብክ።

እምቢ አላልኩም እኮ። ይሄን ደህና አድርገህ አንብበው። ነሐሴ ላይ፣ አንተም ትጊም ሳታነሱት፣ እኔው ራሴ የታከምኩበት ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሜን ዶክተር ሊቤን ጠይቄአታለሁ። አዎ፣ እፈልገዋለሁ። ለደንበኛ ቀሚስ ሰፍቼ ሳስለብሳት፣ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ስትል፣ እኔም እንደዚያ መዞር ያምረኛል። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ አልመነኮስኩም።

ዶክተር ሊቤ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጣ፣ በወረቀት እየሳለች አስረዳችኝ። በጨረር የተመታ ቆዳ እንደ ልብ አይለጠጥም፣ ቢቆስልም ቶሎ አይድንም አለችኝ። «ካውያ እንደበዛበት ናይለን ማለት ነው?» ስላት «አዎ፣ እንደዚያ ያዢው» አለች። መጀመሪያ ባዶ ከረጢት ከሥር ይገባል፤ በየጊዜው ጨው ያለበት ውሃ በመርፌ እየተጨመረበት ቆዳው ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ከዚያ በሌላ ኦፕራሲዮን በሲሊኮኑ ይተካል። ሁለት ሰዓት የተባለው የት ገባ? ቁስሉ ካመረቀዘ የገባው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሰውነት ደግሞ እንግዳ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን ጠባሳ ያበጅለታል፤ ጨረር ባገኘው ደረት ላይ ያ ጠባሳ ጨምድዶ ሊይዘው፣ ሊያጠጥረውና ሊያሳምም ይችላል። ዕድሜ ልክም አይደለም፤ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መቀየር ሊመጣ ይችላል። ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችልም በየጊዜው መታየት አለበት። አንዳንዱ ዓይነት፣ ከስንት አንድ ሰው ላይ ቢሆንም፣ ሌላ ካንሰር እንዳመጣ አልደበቀችኝም። አስገብተው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ሴቶች እንዳሉም እኩል ነገረችኝ። ስሜት ግን እንደ ድሮው አይኖረውም አለች። ብትነካኝ ላላውቅ እችላለሁ ማለት ነው፣ ዘርሁን። ቤት ገብቼ ያለቀስኩት ለዚህ ብቻ ነው።

ከራሴ ሆድ ወይም ጀርባ ሥጋ ወስዶ መሥራትም አለ። ለጨረር ቆዳ ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል አለችኝ። ግን ኦፕራሲዮኑ ረጅም ነው፣ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨመራል፣ ከጀርባ ከተወሰደ ደግሞ ክንድ ይደክማል። የግራ እጄ እንደሆነ ብብቴ ሥር ያለው ዕጢ ከወጣ ወዲህ ማበጥ ይዟል፤ ጨርቅ የምገፋበት እጅ ነው። «ከሆዴስ?» ስላት ሆዴን አየችና «በቂ አለሽ» አለችኝ። ከዓመት ተኩል ወዲህ ስለ ሰውነቴ የሰማሁት የመጀመሪያው መልካም ወሬ ነው።

ምንም ሳያደርጉ መኖርም አንድ ምርጫ ነው አለችኝ፣ እንደ ሽንፈት ሳትቆጥረው። እስካሁን የኖርኩት በገዛ ሙያዬ ነው። መጀመሪያ ከረጢት ሰፍቼ ስፖንጅ ሞላሁበት፤ ቀለለና ወደ አንገቴ እየወጣ አስቸገረኝ። ቀጥሎ ጤፍ ሞላሁ። እሱ ጥሩ ነበር፣ ዓለም ገና ታክሲ ስጠብቅ ስፌቱ ተተረተረ እንጂ። በዚህ ኑሮ ከደረቷ ጤፍ የሚፈስሳት ሴት ያዩ ሰዎች ምን እንዳሉኝ አልነግርህም። አሁን ተልባ ነው። የልኩን ያህል ይከብዳል፣ ከገላ ጋር ይሞቃል። የቀረኝን በአንድ እጄ፣ እሱን በሌላ እጄ እየመዘንኩ ሦስት ሠርቻለሁ፤ ሆስፒታል የማውቃቸው ሁለት ሴቶችም ሥሪልን ብለውኛል።

እና ይሄን ሁሉ ይዤ በራሴ ጊዜ እያመዛዘንኩ ነበር። አንተ አበላሸህብኝ! አሁን ባስገባ ለሽማግሌ ፊት ብዬ፣ ላንተ ብዬ ይሆናል። ብተወው ደግሞ ለእልህ ይሆናል። የራሴን ፍላጎት ከእጄ ላይ ወስደህ ያንተ ልመና አደረግከው። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብልህ ይሄን ይቅር ለማለት ጊዜ ይወስድብኛል።

ወደ እሑድ ልመልስህ፣ አላለቀም። ሁለቱ ሲቀመጡ ኦቦ ባጫ ከዘራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ነበሩ። ያቺን ቃል መጥራት አቅቷቸው በእጃቸው ወደ ደረታቸው ጠቆም አደረጉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሱ ቁስሉን አይቶታል?»

ያኔት አይታዋለች። የመጀመሪያ ቀን አለቀሰች፤ በሁለተኛው ቀን ጀርባዬን እያሸች ስለ ፈተናዋ ታወራኝ ነበር። አንተ ግን በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ቆመህ፣ ፋሻው ሳይፈታ ወደ ጁባ ተመለስክ። ለፋሲካ ስትመጣ መብራቱን ማን ቀድሞ እንዳጠፋው እኔም አንተም እናውቃለን።

«አላየውም» አልኳቸው።

ኦቦ ባጫ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስልሳ ዓመት ላም አርብቻለሁ። ያልታየ ቁስል መድኃኒት አይታዘዝለትም። መጀመሪያ ይምጣና ይየው። ዲፋማ፣ ይቅር በይን ልጄ፤ እኛም ሳንጠይቅ ነው የመጣነው።» ይሄን ብለው ተቀመጡ። ከላም ጋር ስለቆጠሩኝ አልተቀየምኩም። እሳቸው ላማቸውን ያዩዋታል።

ዶሮውን አቀረብኩ፤ ለጋሽ ሐሰን ሽሮ ሠራሁላቸው። በልተው ሲጨርሱ አጎትህ አፋቸውን ጠርገው «በይ እንግዲህ፣ አሁን ካንቺ ዘንድ ነው የምንላከው። ምን እንበለው?» አሉኝ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የእኔ ሆነዋል፣ ዘርሁን። ጋሽ ሐሰን ትናንት ሁለት ቆርቆሮ ልከውልኛል። ለገና ስትመጣ ሦስቱም እዚህ ይቆሙብሃል፣ እሺ ሳትል አይቀመጡም። የኦቦ ባጫን ጉልበት አስብላቸው።

እኔ ከእነሱ በተሻለ ምኑን እሺ እንደምትል አስቀድሜ እነግርሃለሁ። በቀን፣ መጋረጃው ተገልጦ፣ ደረቴን ታየዋለህ። ምንም ማለት የለብህም። ብታለቅስም አልቀየምህም፣ ልጅህም አልቅሳለች። ፊትህን ብቻ እንዳታዞርብኝ። ከዚያ ጥር 6 ቀን ዶክተር ሊቤ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረኸኝ ገብተህ እኔ የሰማሁትን ትሰማለህ። ማስገባቱንም፣ ከሆዴ መሥራቱንም፣ መተዉንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ያለውን ሳታይ የሌለውን አትዘዝልኝ።

ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ሁለት ሆነን ብንፈራ ግን ይቀለኝ ነበር። የናፍቆቱ ተራ ደረሰ መሰለኝ፣ እዚህ ላይ ላቁም። በሰው አገር ያለን የምትጠብቅ እመቤቴ ከክፉ ትሰውርህ፣ ወገብህን ታጽናልህ፣ በሰላም ለቤትህ ታብቃህ።

ባለቤትህ
ውባንቺ

ኢብሮ ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሃል። የጾም ተልባ ነው ብዬዋለሁ። እንዳትቆላው። ከሦስቱ አንዱ ነው፣ አብዝቼ የለበስኩት። በሩን ዝጋና መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ ያዘው። ቶሎ አይሞቅም፤ ትንሽ ታገሰው።