ፈረስህን የተውኩበት ቦታ

ጀግናው ወንድሜ፣

ሾርባው ፍሪጅ ውስጥ አለ። አሙቀህ ብላ፤ ድስቱ ላይ ቆመህ እንዳትጨልፍ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን እንዳትጮህ። ጠዋት የቪዲዮ ጌሙን ጆይስቲክ አቅፈህ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎህ ሳይ አንጀቴን በላኸው። ቀስ ብዬ ከእጅህ ወሰድኩና ጨዋታህን ቀጠልኩልህ።

የጨዋታውን ካርታ ሳይ ደነገጥኩ፤ ያ ሁሉ የተልዕኮ ምልክት! ለካ ሰሞኑን ፊትህ የጠቆረው ሁሉንም ካልጨረስኩ ብለህ ነው። ደመወዝ የሌለው ሥራ ተቀጥረህ "ደከመኝ" ትለኛለህ። ኧረ ማን አሳደደህ?

እኔ አንዱንም ምልክት ሳልነካ በፈረስህ ተራራ ወጣሁ። ጀንበር ስትወጣ አየሁ። እንዴት ደስ እንደሚል! ድሮ እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኝ "እታለም፣ ነይ እዪልኝ" ትለኝ ነበር።

አሁን እንኳ…

ተወው።

ሳላስፈቅድህ መንካቴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። የምሠራበት ፋርማሲ መክፈቻ ሰዓት ደረሰብኝና ፈረስህን እዚያው ትቻት ወጣሁ። እንዳትፈልጋት፤ ብቻህን አታገኛትም። ማሽኑን አጥፋና ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል።

የት እንደተውኳት በደንብ አውቃለሁ። ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ወረቀቱ አለቀብኝ።

ማታ መጥቼ አሳይሃለሁ።