ስለ ግራ ጉልበቴ ማን ነገራቸው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የጎረቤትሽ ውሻ አሁንም አጥር እየዘለለ አበባሽን ይቆፍራል ወይ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን በስልክ የምልሽን ሁሉ "እሺ እሺ፣ ምሳ በልተሃል?" እያልሽ ስለምታሳልፊው መጻፍ መረጥኩ።

ወሬውን ሳትሰሚ አልቀረሽም። አልፈረምኩም። ውሉ ተዘጋጅቶ፣ ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ተሰጥቶኝ፣ የከተማው ጋዜጠኛ ፎቶ ካነሳኝ በኋላ ሳልፈርም ወጣሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ለሞላው አጥቂ የሁለት ዓመት ውል የሚሰጥ ክለብ ከእንግዲህ በዚህ አገር አይገኝም። አሥራ አንድ ክለብ ዞሬያለሁ፤ ይሄኛው የመጨረሻዬ እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። ከዚያ በታች ያለው፣ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ የሚጫወቱበት ነው።

የሆነውን ልንገርሽ። ሰኞ ዕለት አሰልጣኙ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። "አንተ ሽማግሌ፣ ከኔ የተሻለ ፀጉር አለህ፤ ይሄ ብቻውን ያስፈርምሃል" ብሎ ጀርባዬን መታኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። ስንት ሐኪም እንዳየኝ ታውቂያለሽ። ሁሉም ከልብ ይጀምራሉ፣ ግፊት ይለካሉ፣ ቀኝና ግራ እግር ያወዳድራሉ፣ ቁጭ ብድግ ያሰኛሉ። ጠዋት የሕመም ማስታገሻ ክኒኔን ከዋጥኩ ሁሉንም አልፈዋለሁ። ይሄኛው ግን ገና ጋደም ከማለቴ ግራ ጉልበቴን ያዘ። ቀኙን ዞር ብሎም አላየው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ "ጠዋት ጠዋት ከደረጃ የምትወርደው ወደ ኋላ ዞረህ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም አልኩት። "በሁለት እጅህ እየተደገፍክ፣ ሕፃን እንደሚወርደው" አለኝ። አሁንም አይደለም አልኩት። ደግ ሰው ነው፤ አልተከራከረኝም። ሆስፒታል ልኮ ራጅ አስነሳኝ። ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ ዓይኑን ከኔ ሲያሸሽ ዋለ። "እኔማ ብችል..." ሲል ሳላስጨርሰው ማልያውን መለስኩለት።

ሰው ነግሮታል። ሐኪም ነቢይ አይደለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወኪሌን ክላይቭን ነው። በሳምንቱ በኔ ቦታ የፈረመው ጎረምሳ የሱ ደንበኛ ነዋ። ደውዬ ነገሩን ሳላድበሰብስ ጠየቅሁት። "አንተ ሰውዬ፣ አንተን ባስፈርም አገኛለሁ፣ ልጁን ባስፈርም አገኛለሁ፣ ሁለታችሁንም ባስፈርም ሁለቴ አገኛለሁ። እኔ ሆዳም እንጂ ሞኝ አይደለሁም" አለኝ። አላመንኩትም። ክላይቭ እውነት ሲናገርም የሚዋሽ ይመስላል።

ቀጥሎ ወጌሻችን የነበረው ሽማግሌው ዊትል መጣብኝ። ጉልበቴን መርፌ የሚወጋኝ እሱ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ለአትክልት ውድድር የሚቀርብ፣ ክንድ ክንድ የሚያህል ባሮ ሽንኩርት ያበቅላል። አውቶቡስ ቀያይሬ እርሻው ድረስ ሄድኩበት። ስጠይቀው አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ሳቀብኝ። "እኔ አፌን ብከፍት ኖሮ ግማሹ ሊግ ይዘጋ ነበር። ሚስቴ እንኳ ጠይቃኝ አልነገርኳትም፤ እሷን ካሸነፍኩ ሐኪም ማን ነው?" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "ከደረጃ ስትወርድ መቼ አይቼህ ነው የምናገረው? የኔ ክፍል ምድር ላይ፣ ከመልበሻ ክፍሉ ጎን አልነበረም እንዴ?" አለ። እውነቱን ነው። አንድ ባሮ ሽንኩርት አስይዞ ሸኘኝ።

ሌኒ ቀረ። አራት ዓመት አብረን አጥቅተናል፣ በጉዞ አንድ ክፍል አድረናል፤ ሌሊት ስቃትት ይሰማል። ቢራ ቤት አገኘሁት። ነገሬን ሳልጨርስ፣ "ስማ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ኳስ ሳታቀብለኝ ችዬህ ኖርኩ። ያኔ ያልከዳሁህን ሰውዬ አሁን ነው የምከዳህ?" ብሎ የጠረጴዛውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ሳቁ ሲበርድ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "የምን ደረጃ ነው ደግሞ የምታወራው? ሆቴል በገባን ቁጥር ሊፍት ጠባቂ አንተ ነበርክ። ደረጃ ስትረግጥ አይቼህ አላውቅም" አለኝ።

እየተመለስኩ አሰብኩበት። ኬት ጥላኝ ከሄደች ወዲህ የተከራየሁት ክፍል ምድር ላይ ነው። የድሮ ክለቤ ውስጥ ደረጃ የለም። ዘንድሮ ፎቅ ላይ ተኝቼ ወደ ታች ለቁርስ የወረድኩበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሰኔ።

ይሄን እዚህ ላይ ልተወው።

በሰኔ ያልሽኝን አልረሳሁትም። "ኳስ ጉልበቱን ከጨረሰው በኋላ ለአባትህ እስኪሞት ድረስ ካልሲ ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። ያንተን ማን ሊያጠልቅልህ ነው? ኬት እንደሆነች ሄዳለች" አልሽኝ። እኔም ሳቅሁ። የአባዬ ዘመን መርፌ ሌላ፣ የዛሬው ሌላ አልኩሽ። ሻይ ጨመርሽልኝ። አንቺ ክርክር ትተሽ ሻይ ስትቀጂ ነገር እንዳለሽ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ልፈርምበት የነበረውን ክለብ ስልክ ቁጥር የተውኩልሽ ምናልባት ብትፈልጊኝ ብዬ ነበር።

ክላይቭን ይቅርታ ጠየቅሁት። "ታዲያ ማን ሆኖ ተገኘ?" አለኝ። ማንም አልኩት። ሌኒንም ቢራ ጋበዝኩት፤ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ጠጣ።

አሁን ደግሞ አዲሱ ወሬ። ትናንት ፈረምኩ። ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ክለብ ናት። ተጫዋቾቹ ቀን ጣሪያ ይሠራሉ፣ ዓሣ ይጭናሉ፤ ልምምዱ ማታ ነው። አሰልጣኙ ራሱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። "ትሮጣለህ?" አለኝ። ከተገደድኩ አልኩት። "ግብስ?" ሲለኝ እሱን ሳልሮጥም አገባለሁ አልኩት። ሳቀና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ሐኪም የላቸውም፤ ማንም ጉልበቴን አልነካም። ሜዳው ወደ ባሕሩ ያዘቀዘቀ ነው፣ መሬቱም እንደ አስፋልት ይጠጥራል። የዚያኛው ክለብ ሣር እንደ ፍራሽ ነበር። ለጉልበቴ የቱ ይሻለው እንደነበር አንቺው ፍረጂ። ኳስ ይተዋል ብሎ ያሰበ ሰው ካለ ግን አልተውኩም።

ከፈረምኩ በኋላ የክለቡ ጸሐፊ፣ ያንቺ ዕድሜ ያላት ሴትዮ፣ "ሜዳ ላይ ብትጎዳ ለማን እንደውል?" ብላ ጠየቀችኝ። እስክሪብቶውን በእጄ አገላበጥኩ። ስዘገይባት፣ "ማንም የለህም እንዴ የኔ ልጅ?" አለችኝ። አለኝ አልኳት፤ ያንቺን ስምና ስልክ ሰጠኋት።

ስለዚህ እነሱ ሲደውሉልሽ አንሺ። አንቺ ግን አትደውዪላቸው።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጠንክርልሽ፣ የሚመጣውን ብርድ በደህና ያሳልፍሽ፤ ለገናም በሰላም ያገናኘን።

ምንም ቢሆን ልጅሽ የሆንኩት