ደሃ አይደለንም ያልን ሰሞን

ጥቅምት 4

ዝናብ። የባሌን የቨርጂልን እግር ጠቀለልኩለት፤ ቁስሉ ዛሬም አልደረቀም። ስኳር የያዘው ሰው ቁስል... ክሊኒካችን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ነርሷ በሳምንት ሦስቴ ታጥብለታለች።

ከንቲባው ማዘጋጃ ቤት ጠራኝ። ከከተማው ቤተሰብ ከግማሽ በላይ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ መንግሥት ክሊኒኩን ይረዳል፤ ካልሆነ ይዘጋል። ቤት ለቤት ዞሬ የገቢ ፎርም እንዳስሞላ ጠየቀኝ። «ፖስታም ስጫቸው፣ አሽገው ይመልሱ» አለኝ። ሳቅኩ። ሳገባ ዘጠኝ መቶ ነበርን፣ ዛሬ አራት መቶ... ምን የምንደባበቀው አለ? ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ከግማሽ በላይ መሙላትማ ምን ያቅታል። ሀብታሙ የታለ?

ጥቅምት 7

ሜርል ቤት። ላሞቹን ከሸጠ ሦስት ዓመቱ፤ ጡረታው ብቻ ነው ያለው። ማሞቂያ አያበራም፣ ኮቱን እንደለበሰ ነው የተቀበለኝ። ፎርሙን በእጁ ጋርዶ ቆየ።

«አንቺ ነሽ የምታነቢው?»

«ታዲያ ማን ያንብበው?»

እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ ሞላው... የባንክ ሥራ አስኪያጅ ገቢ። ምን ልበለው? ዋሸህ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮ አደጌ ነው።

ስወጣ «ከተማውን ያደኸዩት እነዚያ ቄራው ጋ የሰፈሩት ናቸው። ሄደሽ እነሱን ጠይቂ» አለኝ።

ጥቅምት 9

ዘጠኝ ቤት ዞርኩ። ዘጠኙም ደህና ነን። ደህና ነን! ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለታሸገ ምግብ የተሰለፉት እኮ እነዚሁ ናቸው።

ልጄ ከትልቁ ከተማ፣ ከኦማሃ ደወለች። «እማ፣ ያን ከተማ ለማን ብላችሁ ነው የምትጠብቁት?» ወሬውን ወደ አባቷ እግር አዞርኩት።

የራሳችንንም ሞላሁ። የምትመዘግበው የከንቲባው ሚስት ናት... ከገቢያችን አንድ ረድፍ ከፍ አድርጌ ምልክት አደረግኩ። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 12

ቄራው ጋ፣ ተጎታች ቤቶቹ። ከጓቴማላ የመጡት የቄራው ሠራተኞች። ኤውላሊያ ከሌሊት ፈረቃ ገና መመለሷ ነበር፣ ዓይኗ ቀልቷል። ደሞዟንም የባሏንም ጮክ ብላ እየነገረችኝ ጻፈች። ስድስት ነፍስ በዚያች ገንዘብ! ዘር የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እኛ የቱ ነን?»

ፈለግኩ። ዘራቸው ማያ ነው፤ ማያ የሚል ሳጥን የለም።

«በቃ ‹ሌላ› በዪን፣ ለምደነዋል» አለች። አፈርኩ።

ሁለተኛ ክፍል ካሉት አሥራ አራት ልጆች አሥራ አንዱ የእነሱ ናቸው። ከእኛ ወገን ደግሞ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ቀብር።

ኅዳር 17

መልሱ መጣ። ገቢው ዝቅተኛ የተባለው አርባ ስምንት ከመቶ። እንደገና ለመጠየቅ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው።

ደሃ ነኝ ብሎ የጻፈው ተጎታች ቤቶቹ ሰፈር ነው። እኛማ... ኮራን። ከንቲባው ፖስታዎቹን ከመሳቢያ አወጣቸው፣ አንዱም አልተነካ። «አርዲስ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ጥር 3

ክሊኒኩ ተዘጋ። ነርሷ ቨርጂልን አቅፋ አለቀሰች።

የካቲት 21

የቨርጂልን ሁለት የእግር ጣቶች ቆረጡ። ሆስፒታሉ ስልሳ ማይል ነው። በዚህ በረዶ የኛ መኪና አይሆንም፣ ሁለት ቀጠሮ አሳለፍን። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። እኔው።

መጋቢት 10

ኤውላሊያ ሐሙስ ሐሙስ ከሌሊት ፈረቃዋ ስትወጣ በቫን መኪናዋ ሆስፒታል ታደርሰናለች። ማን ለመናት? ማንም። ራሷ መጥታ በር አንኳኳች።

ዛሬ ሜርልም ለልቡ ሕክምና አብሮን ሄደ። ከኋላ ወንበር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ...

«አርዲስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በወር በስንት ነው የምትኖሩት?»

ለልጃችን እንኳ ነግረን አናውቅም። ቨርጂል አየኝ። ተናገርኩት፣ ከነሳንቲሙ።

«ከኔ በሃያ ዶላር ትሻላላችሁ» አለ ሜርል።

ማንም አልሳቀም። ኤውላሊያ ከመንገዱ ዓይኗን ሳትነቅል አዛጋች።

«ይሄን ያኔ ፎርሙ ላይ ብትጽፉት ኖሮ» አለች፣ «እኔ አሁን ተኝቼ ነበር።»