አመዳይ ያልኩት

ሰኞ፣ ጁላይ 7

ጠዋት ችግኟን ውሃ ሳጠጣ ሁለት የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆነው አገኘኋቸው። የናይትሮጅን ማነስ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ትንሽ ማዳበሪያ ጨመርኩላት።

ባለቤቴ ሰርክ በኩሽናው መስኮት አየችኝና መጋረጃውን ሳበችው። "ዘሬ፣ ሃሺሽህ እንዴት አደረች?" ትለኛለች ቁርስ ላይ። የዚህ አገር ሕግ ይፈቅዳል፣ አከራያችን ፈቅዷል፣ የስኳር ሐኪሟ ራሷ ለእግርሽ የካናቢስ ቅባት ሞክሪ ብላታለች። እግሯ እንደ እሳት ያቃጥላታል፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች፣ ጠዋት ስትጠየቅ ግን "ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን"። ከሱቅ ልግዛልሽ ስላት "ከዚያ ሱቅ የወጣ ዕቃ ቤቴ አይገባም" አለች። ችግኟን ልጃችን ልዩ ያመጣችው ለዚህ ነው። ጓሮ ቤት አይደለም ብለን...

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ቅጠሎቹ ላይ ነጭ ዱቄት።

አመዳይ፣ የቅጠል ሻጋታ። ይሄን በሽታ እኔ ከሩቅ ነው የማውቀው። አገር ቤት ሰብል ጥበቃ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩት በከንቱ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ ረጨኋት። በሳምንት ይለቃታል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

አለቀቃትም። ጠርጌው ስሄድ በማግስቱ ተመልሶ ይጠብቀኛል። እንዲህ ያለ አመዳይ አይቼ አላውቅም። ደግሜ ረጨኋት፣ አሁን ወፈር አድርጌ።

ዛሬ በምሠራበት ፓርኪንግ የአንድ ሰውዬ መኪና ሳወጣ የቅጠሉን ነገር ሳስብ ብሎኩን ልገጨው ነበር። አንዲት ተክል እንዲህ ትጫወትብኝ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

የሰርክ የጸሎት ቡድን እኛ ጋ ነበር። እንደተለመደው ተክሏን አንሶላ አለበስኳት። እትዬ ሙሉዬ፣ የቡድኑ ታላቅ፣ በመስኮት አዩና "ያ የተሸፈነው ምንድነው?" አሉ።

"ቲማቲም ነው" አለች ሰርክ።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። ምን ነካት?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ባሰባት። አሁን ደግሞ አዳዲሶቹ የጫፍ ቅጠሎች ናቸው የገረጡት፣ ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ይሄማ የብረት እጥረት ነው፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለው። የብረት ማዳበሪያ ገዝቼ ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ብረቱ ምንም አልፈየደም። ናይትሮጅን አልኩ፣ አመዳይ አልኩ፣ ብረት አልኩ። ሦስት በሽታ በአንዴ? ወይስ እኔ ነኝ የማላውቀው?

ልዩ ከምትኖርበት ከዌስትውድ ደወለች። "አባ፣ ፒክቸር ላክልኝና የተክል አብቃዮች ግሩፕ ላይ ፖስት ላድርገው። እነሱ ይሄን ነገር በደንብ ያውቁታል፣ ኦኬ?"

ፎቶ ልኬ የማላውቀው ሰው እንዲያርመኝ? አልልክም አልኳት። "ሶ፣ ማሚ እየተሰቃየች አንተ ፕራይድህን ይዘህ ተቀመጥ" ብላ ዘጋችብኝ። ልጅ እንዲህ ይላል?

እውነቷን ነው ግን። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

አፈሩን በላስቲክ ቋጥሬ፣ ሁለት ቅጠል ቆርጬ ጋርዴና ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ አንዲት አሮጊት ጃፓናዊት ችግኝ ትሸጣለች። ሙያዬን አልነገርኳትም።

ቅጠሉን በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው። ዱቄቱ ተራገፈ። አፈሩን በውሃ በጥብጣ ጎምዛዛነቱን በመሣሪያዋ ለካች። ስምንት ነጥብ አራት፤ ከሰባት ያለፈ አፈር ጎምዛዛ አይደለም። ከዚያ በእንጨት ነካ ነካ አድርጋ ከአፈሩ ውስጥ ጥቁር ነገር አወጣች፤ የከሰል ስባሪ።

"አመድ ማነው የሚያደርግባት?" አለችኝ።

አመድ... አመዳይ ብዬ አንድ ወር የታገልኩት አመድ ነው። በጎምዛዛ አፈር ላይ መድኃኒት ነው፣ ይሄን ለስንቱ ገበሬ አስተምሬያለሁ። እዚህ ግን አፈሩም የቧንቧ ውሃውም ፊቱኑ ጎምዛዛ አይደለም። አመድ ሲጨመርበት ብረቱ እዚያው አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሯ መሳብ ያቅተዋል። የኔ ቤኪንግ ሶዳም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ሳክማት አብሬ ስገድላት ነበር።

መንገዱን ሙሉ በንዴት ነዳሁ። ከሰል ያለው ሰርክ የምትሠራበት ፌርፋክስ ሰፈር ያለው ምግብ ቤት ነው፣ ለሸክላ ጥብሱ። እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስወጣ እሷ ቤት ናት። ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ "ልትገድያት ነው አይደል? ፊት ለፊት ንቀላት አትይኝም ነበር?" አልኳት።

ግድግዳውን እየያዘች መኝታ ቤት ገባች። ግድግዳ ይዛ መሄድ የጀመረችው መቼ ነው?

እሁድ፣ ኦገስት 10

ቸርች ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጧል።

"ዳንግላ፣ አገር ቤት" አለችኝ። "የአባቴ ጓሮ ቆመህ ምን ነበር ያልከን?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"ጎመኑ ሲገረጣ አመድ በትኑበት፣ አፈሩ ጎምዝዟል አላልክም? ወጣት ሆነህ፣ ያንን ደብተርህን ይዘህ። ጎመኑም ዳነ፣ እኔም አገባሁህ። ያን ሰኞ ቢጫ ቅጠል ይዘህ ስትቆዝም በመስኮት አየሁህና ከምግብ ቤቱ አመድ በቆርቆሮ አመጣሁ። በየጠዋቱ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልህ? ሃሺሽህ ቶሎ ይደግልኝ ልበልህ?" የሳቀች መስሎኝ ነበር። እያለቀሰች ነው። "አልቻልኩትም ዘሬ። ቆሜ መሥራት አልቻልኩም። ደህና ነኝ ማለት ደከመኝ።"

እኔ ነኝ የቅጠል ሐኪም። አልጋዬ ላይ ያለችውን ሰው አላየሁም። አፈርኩ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አልኳት።

"አንተስ? አንድ ወር ሙሉ ማንን ጠየቅክ?"

ሰኞ፣ ኦገስት 11

የላዩን አፈር ጠርጌ አወጣሁ። ጃፓናዊቷ የሰጠችኝን፣ የሚያጎመዝዝ ድኝ ያለበትን አፈር ተካሁ። ሰርክ ወንበር አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ቆርቆሮውን መልሼዋለሁ" አለች።

ለልዩ ፎቶውን ላክሁላት።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ያረጁት ቅጠሎች እንደገረጡ ናቸው፣ እነሱ አይመለሱም። ከጫፍ የወጡት ግን አረንጓዴ ናቸው። አምስት ቆጠርኩ።

ዛሬ የጸሎት ቡድኑ እኛ ጋ ነበር። አንሶላውን ይዤ ስወጣ ሰርክ "ተወው" አለችኝ።

እትዬ ሙሉዬ በመስኮት አዩ። "ቲማቲሙ ይሄ ነው እንዴ?"

"ቲማቲም አይደለም። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ካናቢስ ነው፣ ለእግሬ ቅባት ልናወጣለት" አለች። ከዚያ ሁሉም እያዩ ጫማዋን አወለቀች። እስከ ዛሬ እግሯን ለአንዳቸውም አሳይታቸው አታውቅም።

አሁን ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ በሩን አየሁ። እትዬ ሙሉዬ ጎንበስ ብለው እግሯን በእጃቸው ያዙት። ቆየት ብለው ቀና አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ለጉልበቴስ ይሆናል?"

ሁሉም የኔን መልስ ጠበቀ፣ ሰርክም ጭምር።

"አላውቅም እትዬ" አልኩ። "ሐኪም እንጠይቃለን።"