ደም መጣጯ በፍልሰታ

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

“ጠብታው ጉሮሮዬ ገባ፤ ጾሜን አስገደፍሽኝ” ብለው ተቆጡ። የዓይን ጠብታ እንዴት ጉሮሮ ይገባል ብዬ ስከራከር ቆይቼ ለክሊኒኩ ነርስ ብደውል፣ ለካ እውነትም ይገባል! ዓይንና ጉሮሮ በውስጥ ይገናኛሉ አለችኝ። አባዬ አሸነፉ። ለሕመምተኛ መድኃኒት እንደተፈቀደ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አልኋቸው። ዓይናቸውን ለጠብታው አመቻቹልኝ። እንግዲህ እኔም አሸነፍሁ።

ኋላ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። አባቴ ደቅ ደሴት ላይ መሪጌታ ናቸው። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙን ሞራ ዓርብ ዕለት እዚህ ባሕር ዳር አስገፈፍንላቸው። አሁን ዓባይ ማዶ እኔ ቤት ናቸው። ዓይናቸው ላይ መከለያ ተለጥፏል፤ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚያዩት የለም። ሐኪሙ እስከ ሳምንት ማክሰኞ ያዘዘው፦

ማጎንበስ የለም።
ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም።
ጭስና አቧራ የለም።
ስግደት የለም። (ይኸን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ማጎንበስ ሲል መቼም ፍልሰታ አልታሰበውም።)

ያላቸው ዓይን ይኸው አንድ ነው። ከተበላሸ ሌላ የለም። እናቴ ከደቅ ደውላ “አደራሽን፣ እንዳያጎነብሱ” አለችኝ። እሳቸው ደግሞ እሑድ በጀልባ ካልገባሁ፣ ፍልሰታን ከደብሬ ውጭ አላሳልፍም ይላሉ። ስምንት ቀን አንድ ቦታ እንዴት ነው የማስቀምጣቸው?

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ጊዜ ጫማቸውን ሊፈልጉ ሲያጎነብሱ ደረስሁባቸው። ጫማውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልሁት።

ከሰዓት ጨነቀኝና ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። እረፍት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ የሒሳብ አስተማሪ ክረምቱን በጌም እንደማሳልፍ የሚያውቅብኝ የለም። ድምፁን ቀንሼ ነበር። ግን የአባዬ ጆሮ የመሪጌታ ጆሮ ነው። ተኩላዎቹ ሲጮኹ “ፍሬ፣ ምንድን ነው?” አሉ።

ምን ልበል? እውነቱን ነገርኋቸው። አንዲት ሴት አለች፤ የማንቀሳቅሳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ተነክሳ ቫምፓየር ሆነች። ምን? ደም መጣጭ። ከዚያ ወዲህ ለሌላው ሰው የሚሰጠው ሚሽን ቀረባትና ለቫምፓየሮች ብቻ የሚሰጠው ተከፈተላት። ሚሽን ማለት? ተልእኮ። ማን ነው የሚልካት? ዋሻ ውስጥ ያለ የደም መጣጮች አለቃ። አለቅነቱን ማን ሰጠው? እኔ እንጃ አባዬ!

ዲያቆን እንደሚፈትኑ ፈተኑኝ። ስንት ተልእኮ አላት? ሰባት። ስንቱን ፈጸመች? ስድስቱን፣ በአራት ወር። ሰባተኛው ምንድን ነው? ከተማው በር ላይ ያለውን ድልድይ የሚጠብቀውን ሽማግሌ ተኝቶ ሳለ ደሙን መጠጣት። ይኸን ከፈጸመች ፀሐይ አያቃጥላትም፤ እንደ ሰው በቀን ትሄዳለች።

“እና ሽማግሌው ምን አደረጋት?” አሉ። ምንም አላደረጋት። ባለፈች ቁጥር ደኅና ዋልሽ ይላታል።

ተቆጥተው እንኳ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አልተነሱም፣ አላጎነበሱም። ተመስገን! መድኃኒቱን አገኘሁት።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ዛሬ ራሳቸው “ያች ልጅ ከምን ደረሰች?” ብለው ጀመሩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላስበው መንገደኛ እንድትነክስ አደረግኋት። ንክሻው የመምጠጥ ድምፅ አለው፤ ሰሙት። ምን እያደረገች ነው? እየጠጣች። ብድግ አሉ። “ዛሬ ረቡዕ! በዚያ ላይ ፍልሰታ! ሕፃናቱ እንኳ በሚጾሙት ጾም!”

ኧረ አባዬ፣ ጌም ነው፣ ሥዕል ነው አልሁ።

“ሥዕሉን የሚያስጠጣው እጅ የማን ነው?”

እጄን ከኮምፒውተሩ አነሳሁ። ዘጠና ተማሪ ዝም የማሰኝ ሴትዮ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደም መጣጬ ጾመኛ ናት።

ግን በዚህ ጌም ቫምፓየር ካልጠጣ ጣጣ ነው። ፊቷ ይነጣል፣ ዓይኗ ይቀላል፣ ፀሐይ ይብስባታል፣ ያያት ሁሉ ይጠላታል። ሦስት ቀን ካለፋት ገበሬው ሳይቀር ሰይፍ ይመዝባታል። ይኸን ብነግራቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው “ጾም የጀመረ ሰው መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነው፤ ይነጫነጫል፣ ይጠላል” አሉኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልሁም።

ኋላ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። ወድዳ ነው ተነክሳ? ተነክሳ። የክርስትና ስሟ ማን ነው? የላትም። መዳኛስ የላትም? አላት፤ ነገር ግን የዳነች ዕለት የቫምፓየሮቹ ዋሻ ለዘለዓለም ይዘጋባታል፣ ተልእኮው ሁሉ ይቀራል። አራት ወር የደከምሁበት አባዬ! አልሁ።

“አሃ” አሉና መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። አኳኋናቸው አላማረኝም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ቁጭ በዪና በቃልሽ ንገሪኝ አሉ። ፈጠርሁ። ሐይቅ አመጣሁ፣ ደሴት አመጣሁ፣ በታንኳ አሻገርኋት። ሲያዳምጡ ቆይተው “ታንኳዋ ከደንገል ናት?” አሉኝ። አዎ። “ሐይቁ ዳር ዋርካ አለ?” አዎ። “ፈረንጆቹ ደቅን ከየት አወቋት?” ተያዝሁ! ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ካየሁ ስንት ዓመቴ!

ከሰዓት ገበያ ሄጄ ምስርና ጎመን ገዛሁ። ስመለስ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ምነው? ቤቱ ሞቀኝ አሉ። በዚህ ዝናብ? እርጅና ነው ብዬ ተውሁት።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አባዬ እስኪተኙ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጨዋ ሆነው። ጠብታ ላደርግላቸው ቀረብሁ። የወለሉ ሰሌን መስመር ግንባራቸው ላይ ታትሟል። መከለያውን ባነሳው ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

ጮኽሁ። አባቴ ላይ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም፤ ዛሬ ጮኽሁ። ሰግደዋል! ስንት? አርባ አንድ። ዛሬ? ዛሬም፣ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ አንች በወጣሽ ቁጥር አሉ። ለምን? አንድ ዓይን አይደለም ወይ ያለዎት?

“ለያች ልጅ ነው” አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ለደም መጣጯ! ወድዳ አልተነከሰችም፣ ጾሙን ጀምራለች፣ ቀኖና የሚሰጣት የለም፣ እሷም ራሷ መስገድ አትችል። ሰው ስለ ሰው ይሰግዳል አሉኝ። እርስዎ መሪጌታ እንጂ ቄስ አይደሉ፣ ቀኖና ይስጡ ማን አለዎት ብዬ ብጮህ፣ “ላልተጠመቀች ሴት የትኛው ቄስ ይሰጥልኛል ብለሽ ነው?” አሉ። አመኑበት እኮ! እኔ እንዳይነሱ ብዬ ያመጣሁላቸው ነገር ነው ግንባራቸውን መሬት ያስነካው።

በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ክሊኒክ ሄድን። መንገዱ በሙሉ እጃቸውን ይዤ ነበር። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። በራሱ ሊጠራ ይችላል፣ ላይጠራም ይችላል። ጠብታ ቀየረ። ትራስ ደርበው ጭንቅላታቸውን ከፍ አድርገው ይተኙ፣ ከአልጋ እንዳይወርዱ፣ ማክሰኞ እናያለን።

ላይጠራም ይችላል አለ። እንደ ቀላል ነገር።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ኮምፒውተሩን አልከፈትሁም። ዓይኔ እያየው ጠላሁት።

እናቴ ደወለች። ደኅና ናቸው አልኋት። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ አባዬ ሰሙ።

ቁርስ ሳልል ምሳም ሳልል እንዲሁ በር ላይ ተቀመጥሁ። “ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አይሰገድም፤ ዘብ አትቁሚ” አሉኝ። ሰኞስ? ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰኞስ አባዬ? ትራሳቸውን አስተካከሉ። እልኼ መጣ። ተነሣሁና እጄን ዘርግቼ “ሁለተኛ ግንባርዎን መሬት ቢያስነኩ ገዝቼዎታለሁ!” አልኋቸው። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥሁ።

“ልጅ አባቷን ስትገዝት በየትኛው መጽሐፍ አየሽ?” አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ሮጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቅም እንዳያናውጥዎት ብላቸው ባሰባቸው።

በመጨረሻ ተስማማን። እሳቸው አይሰግዱም። እኔም የድልድዩን ሽማግሌ አላስነካም። እጅ ተጨባበጥን፣ እንደ ነጋዴ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ጀልባዋ ያለ እሳቸው ሄደች። ጡሩንባዋ እዚህ ድረስ ተሰማኝ መሰለኝ ብዬ ብነግራቸው፣ ከዓባይ ማዶ አይሰማም አሉ። ግን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ዋሉ። ውዳሴ ማርያም ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ደገሙ፤ እኔም የማውቀውን ያህል ተከተልሁ፣ የማላውቀው ላይ አጉረመረምሁ። አጉረምራሚነቴን ታዝበዋል።

ጠብታ አራት ጊዜ። ቅላቱ ቀንሷል? አንዳንዴ ቀንሷል እላለሁ፤ መስኮቱን ስከፍት ያው ነው።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ነገ ነው። ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ጾሙን ሰበብ አደረግሁ።

ለሦስት ዓመት ሳላስመረምር የተውኋቸው እኔ ነኝ። ለፋሲካ ደቅ ስገባ ጉንጬን ሲዳስሱኝ ናፍቆት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለማያዩኝ ነው። ይኸን ዛሬ አሰብሁትና አለቀስሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ። ነገ ካልጠራ ለእናቴ ምን እላታለሁ? ለደም መጣጭ ሲሰግዱ ታወሩ?

“ፍሬ፣ ነይ” አሉኝ። ሄድሁ። እጄን ያዙ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፣ ቡሄ

ጠርቷል! ጠርቷል! ጠርቷል!

ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ “ጠርቷል” ሲል ወንበሩን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳዩዋቸው፤ ሦስት እግር ያለው ምልክት ነው፣ እግሩ ወዴት እንደዞረ በእጅ ማመልከት ብቻ ነው። አባዬ ግን “ይኸ ፊደል አይደለም” ብለው ተከራከሩ። ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ እያሉ እስከ አምስተኛው መስመር ወረዱ። አምስተኛው! ማጎንበስ ግን ገና አንድ ወር የለም፤ ይኸን ሁለት ጊዜ አስደገምሁት።

ወደ እኔ ዞሩና አዩኝ። በደንብ አዩኝ። “ሽበት አውጥተሻል” አሉ። ሦስት ዓመት ቆይተው የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸ ነው! እናቴን ደውዬ ሁሉንም ነገርኋት፣ የዋሸኋትንም። ሰደበችኝ፣ አለቀሰች፣ መረቀችኝ።

ቤት እንደገባን ሳይቀመጡ “እስቲ ያችን ልጅ አሳይኝ” አሉ።

እንቢ ልል ነበር። ያልነገርኋቸው አንድ ነገር አለ። ጌሙ ሲጀመር መልክ ምረጭ ይላል፤ የራሴን ሠራሁ። አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ ቅንድቤን፣ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቼ። አባዬ ያያሉ ብዬ መቼ አሰብሁ?

ከፈትሁት። ነጥታለች፣ ከስታለች፣ ዓይኗ ደም ለብሷል፣ ሰው ሁሉ ስለሚያሳድዳት ገደል ሥር ተደብቃለች። አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ትከሻቸውን ይዤ ቀና አደረግኋቸው።

“ይች እኮ አንች ነሽ” አሉ።

አዎ አልሁ።

“እኔን! ባውቅ አርባ አንዱን ሰማንያ ሁለት አደርገው ነበር” አሉ።

እንዳይሞክሩት! አልሁና እጃቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፣ እያዩ።

ሰባተኛውን ሚሽን ተውሁት። የመዳኛውን መንገድ ከፈትሁ፤ ዋሻው ይዘጋ፣ የአራት ወር ድካሜም ይቅር። ለጾሙ ፍቺ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ አባዬ ድና ትድረስበት ብለዋል። ወንበራቸውን ከእኔ ወንበር ጋር አጠጋግተው መንገድ ይመራሉ። “ቀስ በዪ፣ በስተቀኝ ገደል አለ” አሉኝ። እውነትም ነበር፤ እኔ አላየሁትም።