የምሥራቁ ክፍል ስንጥቅ

ኅዳር 3
አጥሩን ዞርኩ። በወንዙ በኩል ሁለት እንጨት ወልቋል፤ መልሼ መታሁት። ለአንድ ዙር ሁለቴ አረፍኩ። አምና አንዴም አላርፍም ነበር።
ባለቤቴ የምሥራቁን ክፍል ስትጠርግ ጠራችኝ። ከመስኮቱ በላይ ስንጥቅ... ፀጉር የምታህል። የቀለም ነው አልኳት። እውነት የቀለም ነው?

ኅዳር 4
መሰላል አቆምኩ። የቀለም አይደለም። የምስማር ጫፍ ይገባል።
ልጃችን በ20 የሦስት ወር ልጇን ይዛ ትመጣለች። የሚተኙት እዚህ ነው። የሕፃኑ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው።
ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም ሰባት ቀጫጭን መስታወት ቆረጥኩ። አንዱን በስንጥቁ ላይ አጋድሜ ጫፍና ጫፉን በጀሶ አጣበቅሁ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ከመጽሐፍ ያገኘሁት ዘዴ ነው። ቤቱን የሠራሁትም ከመጽሐፍ ነው። የተረፉትን ስድስቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።
ከተሰበረ ልጃችን አትመጣም አልኳት ባለቤቴን።
"አንተ ሰውዬ፣ በልጅ ልጅህ ላይ በመስታወት ልትጠነቁል ነው?"

ኅዳር 7
አልተሰበረም።

ኅዳር 11
አልተሰበረም። ምስማሩ ግን ዛሬ እስከ ግማሹ ገባ። መስታወቱ ደህና ሆኖ ስንጥቁ እንዴት ይሰፋል? ዓይኔ ይሆን?
ግንበኛው ትዝ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ መሠረቱን ስንቆፍር... "ጋሼ፣ ይሄ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። አንድ ሜትር እንጨምር።"
"አንተ ድንጋይህን ደርድር፣ ማንበቡን ለእኔ ተው" አልኩት።

ኅዳር 13
መስታወቱ አልተሰበረም።

ኅዳር 16
አልተሰበረም። ጀሶውን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው። የአሥራ ሁለት ቀን ጀሶ?
መሳቢያውን ከፈትኩ። ስድስት የነበረው ሦስት ቀርቷል።
ወጥ ቤት ገባሁ። ድንች ትልጣለች።
"ስንቴ ተሰበረ?"
ቢላዋውን አላቆመችም። "ሦስቴ።"
"ለምን?"
"ልጄን ካየኋት ሁለት ዓመቴ። አንተ ደግሞ ካልክ አልክ ነው። ሠላሳ ዓመት የቆመ ግድግዳ ለጥቂት ቀን መቆም አያቅተውም ብዬ..."
ልጮህባት ነበር። ከዚያ መሰላሉ ትዝ አለኝ። ከእኔ ቀድማ እየተነሳች፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ... ሦስቴ።

ኅዳር 18
መሐንዲስ አስጠራሁ። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ከበደኝ።
የልጄ እኩያ ናት። ከመሠረቱ አጠገብ አስቆፈረች፣ ለካች። "ግድግዳው ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ማንም እዚህ እንዳይተኛ። ይሄ ክፍልና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ይፈርሳሉ፤ ሌላው ይተርፋል።"
ከዚያ፣ "አባት፣ መሠረቱ እዚህ ላይ ይብቃ ያለው ማን ነው?"
ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ግንበኛው ነው፣ ልጄ።"
"እኔ ነኝ" አልኩ። "ግንበኛው ጨምር ብሎኝ ነበር።"

ኅዳር 20
መጡ። ሕፃኑ አንቀላፍቷል። ልጃችን ምሥራቅ በኩል የቸነከርኩትን በር አየችና ቆመች። "አባዬ፣ የት ነው የምንተኛው?"
በዚህ ቤት የማን አልጋ የት እንደሚሆን የምናገር እኔ ነበርኩ።
"እናትሽን ጠይቂ" አልኩ።
ባለቤቴ ሻንጣውን አስቀምጣ መጣች። ግንባሬን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች።
ትኩሳት የለኝም።